ከተማ ይቅር ለማለት ይችላልን?

በኢትዮጵያ ልማድ ሰው በደም ያልተዛመደውን ዘመድ የሚያደርግበት መንገድ ብዙ ነው። ክርስትና አንሥቶ አበልጅ ይሆናል፤ ማኅበር አብሮ ጠጥቶ ወንድም ይባላል፤ ደም የተቃባ ወገን እንኳ በሽማግሌ ታርቆ በጋብቻ ይተሳሰራል። በእነዚህ ሁሉ ውሉን የሚገባው ስምና መልክ ያለው፣ ቃሉን ቢያጥፍ በጎረቤቱ ፊት የሚያፍር ሰው ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወዲህ ግን ዓለም አንድ ሌላ ዓይነት ዝምድና ለምዷል። ይኸውም ከተማ ከባሕር ማዶ ከሚገኝ ከተማ ጋር የሚዋዋለው ዝምድና ነው። ከንቲባዎች ይፈራረማሉ፤ ሰንደቅ ዓላማ ይሰቀላል፤ የኪነት ቡድን ይላካል፤ በከተማው መግቢያ ላይ የወዳጅ ከተማ ስም የተጻፈበት ሰሌዳ ይቆማል። ለመሆኑ ከተማ ማፈር የማይችል፣ ማዘንም መውደድም የማያውቅ የድንጋይና የመንገድ ስብስብ ሆኖ ሳለ እንዴት ዘመድ ሊሆን ይችላል? ጥያቄው የቃላት ጨዋታ አይደለም። ከተማ መውደድ የሚችል ከሆነ መበደልም ይችላል፤ ከበደለ ይቅርታ የመጠየቅ ግዴታ አለበት፤ ተበድሎ እንደ ሆነም ይቅር የማለት ሥልጣን አለው ማለት ነው። የነገሩ ክብደት ያለው እዚህ ላይ ነው።

ስያሜው ራሱ ከአገር አገር ይለያያል። እንግሊዞችና ፈረንሳዮች እንዲህ ያሉትን ከተሞች መንትያ ይሏቸዋል፤ አሜሪካውያን እኅትማማች ይላሉ፤ ጀርመኖች የንግድ ሸሪክን በሚያስታውስ ቃል ይጠሯቸዋል። ሩሲያውያን «ፖብራቲም» የሚሉት ደግሞ በመሐላ የተወዳጀ ወንድም ማለት ነው፤ ለአበልጅነት የሚቀርበውም ይኸኛው ስም ነው። የጃፓኗ ኮቤና የቻይናዋ ቲየንጂን በ1973 (እዚህና ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) በተዋዋሉ ጊዜ ቻይናውያን «እኅትማማች» የሚለውን ቃል ትተው «ወዳጅ ከተሞች» ማለትን መረጡ። በቻይንኛ ቃሉ ታላቅ እኅትንና ታናሽ እኅትን አጣምሮ የያዘ ስለሆነ ማን ታላቅ ማን ታናሽ ሊሆን ነው የሚል ጥያቄ ያስነሣል። ሐሳቡ የጠቅላይ ሚኒስትሩ የቹ ኤን ላይ እንደ ነበር ይነገራል። አማርኛው «እኅት» ሲል ታላቅና ታናሽ አይለይም፤ አማርኛ የሚናገሩ ከተሞች ከባዕድ ከተሞች ጋር ሲዋዋሉ ግን ታላቅነቱና ታናሽነቱ ሳይጠራ በራሱ ገብቶ ይቀመጣል። ወደዚህ ነጥብ ወደ ኋላ መመለስ ያስፈልጋል።

የዚህ ዝምድና ምንጭ በስምምነት ሰነዶች ውስጥ ሲፈለግ አይገኝም። ይልቅ በአንድ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ይገኛል። ኮቨንትሪ በእንግሊዝ መካከለኛ ክፍል የምትገኝ፣ አውቶሞቢል፣ ሞተርና የጦር መሣሪያ የሚሠሩ ፋብሪካዎች የነበሩባት የሠራተኛ ከተማ ናት። ኖቬምበር 14 ቀን 1940 ከምሽት እስከ ንጋት የጀርመን አውሮፕላኖች ሲደበድቧት አደሩ። 568 ያህል ሰው ሞተ፤ ከ4,000 በላይ መኖሪያ ቤት ፈረሰ፤ በመካከለኛው ዘመን የተሠራው የቅዱስ ሚካኤል ካቴድራል ተቃጥሎ ግድግዳውና የደወል ማማው ብቻ ቀሩ። ሁለት ዓመት ሳይሞላ ተራው የስታሊንግራድ ሆነ። በኦገስት 1942 የጀመረው የአውሮፕላን ድብደባ ከተማዋን አመድ አደረጋት፤ እስከ ፌብሩዋሪ 1943 መጀመሪያ ድረስም በየፍርስራሹ፣ በየፎቁ፣ በየደረጃው ውጊያ ተካሄደ።

በዚያን ጊዜ የኮቨንትሪ ሴቶች አንድ ነገር አደረጉ። 830 ሴቶች፣ ከንቲባዋ ጭምር፣ በአንድ የጠረጴዛ ልብስ ላይ ስማቸውን በክር ጠልፈው፣ እያንዳንዳቸውም ስድስት ስድስት ፔኒ አዋጥተው ለስታሊንግራድ ላኩ። በጨርቁ ላይ የጠለፉት ቃል ከትልቅ ሐዘኔታ ትንሽ እርዳታ ይሻላል የሚል ነበር። በ1944 የሁለቱ ከተሞች ዝምድና በይፋ ጸና። ዓለም አቀፉ የእኅትማማችነት እንቅስቃሴ የተወለደው ከዚህ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም፤ እርግጥ ከዚያ በፊትም እዚህም እዚያም ሁለት ከተሞች ተዋውለው ያውቃሉ።

ስድስት ፔኒ ለፈረሰች ከተማ ምን ሊያደርግ ይችላል? ምንም። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ የሚባለው እዚህ ላይ በሙሉ ልብ አይሠራም፤ 830 ሰው ቢሸከመውም የስታሊንግራድ ሸክም ጌጥ አይሆንምና። ቢሆንም በጨርቁ ላይ የተጠለፈው ቃል አንድ ትልቅ የሥነ ምግባር ልዩነት ይዟል። ሐዘኔታ ከላይ ወደ ታች ይመለከታል፤ የሚያዝነው ቆሞ፣ የሚታዘንለት ወድቆ ይገኛል። ልዩነቱን ለመረዳት ምፅዋትንና የእድር መዋጮን ማነጻጸር ይበቃል። ምፅዋት የሚሰጥ ሰው ነገ እርሱ ራሱ በቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ይቀመጣል ብሎ አያስብም። የእድር መዋጮ የሚከፍል ሰው ግን የሚከፍለው ዛሬ በጎረቤቱ ቤት የተጣለው ድንኳን ነገ በእርሱ ቤት እንደሚጣል ስለሚያውቅ ነው። የኮቨንትሪ ሴቶች ድንኳኑ በገዛ ቤታቸው ተጥሎ የተነሣላቸው ነበሩ። ስለዚህ ስድስት ፔኒያቸው የእድር መዋጮ ነው። ተቀባይዋም አላፈረችበትም፤ የጠረጴዛው ልብስ ዛሬም በቮልጎግራድ (የስታሊንግራድ ስም በ1961 ተለውጧል) በስታሊንግራድ ጦርነት ሙዚየም ውስጥ ይገኛል።

እስከዚህ ድረስ ጥያቄው ቀላል ነው። አንድ ጠላት ያቆሰላቸው ሁለት ከተሞች ቢዋደዱ የሚገርም አይደለም። ኮቨንትሪ በ1959 ከድሬስደን ጋር በተዋዋለች ጊዜ ግን ነገሩ ከበደ። ድሬስደን የጀርመን ከተማ ናት። በፌብሩዋሪ 1945 የብሪታንያና የአሜሪካ አውሮፕላኖች በእሳት አጋይዋት፤ የከተማዋ አስተዳደር ያቋቋመው የታሪክ ተመራማሪዎች ጉባኤ በ2010 ባወጣው ሪፖርት የሟቾቹ ቁጥር እስከ 25,000 እንደሚደርስ ተቀምጧል። ኮቨንትሪ ተበዳይ ሆና የጀመረችውን ታሪክ የበዳይ አገር ከተማ ሆና ጨረሰችው ማለት ነው። ከሁለቱም የተዋዋለችው ኮቨንትሪ በስታሊንግራድና በድሬስደን መካከል ቆማለች፤ አንዷን እኅቷን ያቃጠለው ሠራዊት የሌላዋ እኅቷ አገር ሠራዊት ነው።

ታዲያ ይህን ያደረገው ማን ነው? በምንስ ሥልጣን? በኖቬምበር 14 ሌሊት ልጅዋን ያጣች አንዲት የኮቨንትሪ እናት ብትነሣና «የልጄን ደም እናንተ ማን ሆናችሁ ትምሩታላችሁ?» ብትል ምን መልስ ይሰጣታል? በዕርቅ ሕግ ገዳይን ይቅር ሊል የሚችለው የሟች ወገን ነው፤ የሩቅ ጎረቤት ወይም የወረዳ ሹም አይደለም። ሟቹ ራሱ ደግሞ ለማንም ውክልና ሳይሰጥ ሄዷል። ከዚህ አኳያ ሲታይ ከንቲባ በሙታን ስም የሚፈርመው ይቅርታ የሌላ ሰው ገንዘብ እንደ መለገስ ነው። ልግስናው የሚያምር፣ ገንዘቡ ግን የእርሱ ያልሆነ። ብዙ የዕርቅ በዓል ከውጭ ሲያዩት የሚያስደስት፣ ከውስጥ ግን ባዶ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

የኮቨንትሪ ሰዎች ይህን ጉድለት የተረዱት ይመስላል። የካቴድራሉ አስተዳዳሪ ሪቻርድ ሃዋርድ በ1940 የልደት በዓል ዕለት ከፍርስራሹ ውስጥ በራዲዮ ባስተላለፉት ንግግር የበቀልን ሐሳብ እንዲተዉ ሕዝባቸውን ጠየቁ። በ1948 ደግሞ ከፈረሰው መቅደስ በስተ ጀርባ ባለው ግድግዳ ላይ «አባት ሆይ ይቅር በል» የሚለው ቃል ተቀረጸ። ልብ ሊባል የሚገባው የቀረው ቃል ነው። በወንጌል የሚገኘው «ይቅር በላቸው» ነው፤ በግድግዳው ላይ ግን «እነርሱ» የሚል የለም። ይቅር የሚባለው የማዶው ሰው ብቻ እንዳልሆነ፣ ጽሑፉን የሚያነበውም እጁ ንጹሕ ላይሆን እንደሚችል ያስታውሳል። ቃሉ በተቀረጸበት ጊዜ ድሬስደን ከነደደች ሦስት ዓመት አልፏት ነበር። ሃይማኖተኛ ላልሆነ አንባቢም ቢሆን በዚህ አንድ ተውላጠ ስም መቅረት ውስጥ ሙሉ የሥነ ምግባር ትምህርት አለ።

ስለዚህ ከድሬስደን ጋር የተደረገው ውል ይቅርታ ነው ከማለት ሌላ ነገር ነው ማለት ይሻላል። ደም መመለስ የሚባለው ልማድ ሸክሙን ከአባት ወደ ልጅ ያሻግራል፤ ልጅ ያላየውን ጠላት ይወርሳል፣ ያልገደለውንም ሰው ይገድላል። ሙታንን ተክቶ ይቅር ማለት ለማንም አይቻልም። ውርሱን አልቀበልም ማለት ግን ለሕያዋን የተፈቀደ ነው፤ ይህ የሌላ ሰው ገንዘብ አይደለምና። ያቺ እናት እስከ ዕለተ ሞቷ ይቅር ሳትል ልትኖር መብቷ ነው፤ ማንም ከንቲባ፣ ማንም ቄስ ሊያስገድዳት አይችልም። የእርሷ መብት ግን የጎረቤቷን ልጅ ደም መላሽ እስከ ማድረግ አይደርስም። ከተማ እንደ ከተማ ሊያደርገው የሚችለው ይህን ነው፤ ከዚህ በላይ አደረግሁ ካለ ዋሽቷል።

ቃልን የሚያስታምነውም ሥራ ነው። በ1965 በኮቨንትሪ ካቴድራል አነሳሽነት የብሪታንያ ወጣቶች ወደ ድሬስደን ሄደው በጦርነቱ የፈረሰውን የዲያቆናዊት እኅቶች ሆስፒታል መልሶ ለመሥራት ለወራት ፍርስራሽ ሲጠርጉና ጡብ ሲያቀብሉ ቆዩ። ከእነዚህ ወጣቶች አብዛኞቹ በጦርነቱ ጊዜ ሕፃናት ነበሩ ወይም አልተወለዱም፤ የሚናዘዙት የግል ኃጢአት አልነበራቸውም። በኋላም የድሬስደን እመቤታችን ቤተ ክርስቲያን በታነጸ ጊዜ በጉልላቱ ላይ በ2004 የተተከለውን መስቀል የሠራው እንግሊዛዊ አንጥረኛ አለን ስሚዝ ነው፤ አባቱ ከተማዋን ከደበደቡት አውሮፕላን አብራሪዎች አንዱ ነበር። አባትየው ያደረገው በልጁ መዶሻ አይሰረዝም። ነገር ግን ልጅየው ከአባቱ ስም ሳይሸሽ መሥራቱ ከብዙ የዕርቅ ንግግር ይበልጣል።

ይህ ሁሉ ሲሆን መንግሥታት የት ነበሩ? ድሬስደን ያኔ የምሥራቅ ጀርመን ከተማ ነበረች፤ ብሪታንያ ደግሞ ለዚያ መንግሥት ዕውቅና የሰጠችው በ1973 ነው። ስለዚህ አንዲት ከተማ የገዛ መንግሥቷ የማያውቀውን አገር ከተማ ለአሥራ አራት ዓመታት ዘመድ ብላ ስትጠራ ኖረች ማለት ነው። ይህ የሚያስመሰግን ቢሆንም ሌላ ገጽታም አለው። ለምሥራቅ ጀርመን መንግሥት እንዲህ ያለው ግንኙነት በዓለም ፊት ዕውቅና የማግኛ አንድ መሣሪያ ነበር፤ የድሬስደንም ቃጠሎ በምዕራቡ ላይ የሚቀርብ ክስ ሆኖ በየዓመቱ ይነገር ነበር። ወዳጅነት ሌላው ሰው የሚያስበውን ሁሉ አጥርቶ አይጠብቅም፤ ቢጠብቅማ ኖሮ የትም ቦታ አይጀመርም። መሣሪያ መሆኑን እያወቁ መሣሪያ ብቻ እንዳይሆን መታገል ግን የወዳጅ ሥራ ነው።

ከንቲባዎች የሚፈርሙት ወረቀት የመንግሥት ቃል ሲገባበት ምን እንደሚሆን ፕራግ አሳይታለች። በ2016 ከቤጂንግ ጋር በተፈራረመችው ውል ውስጥ ስለ ታይዋን የቻይና መንግሥት የያዘውን አቋም የሚደግፍ አንቀጽ ገብቶ ነበር። አዲስ የተመረጠው የከተማ አስተዳደር አንቀጹ ይውጣ ሲል ቤጂንግ እምቢ አለች፤ በ2019 ውሉ ፈረሰ፤ በ2020 መጀመሪያ ፕራግ ከታይፔ ጋር ተዋዋለች። በዚህ ታሪክ ውስጥ የአንድም የፕራግ ወይም የቤጂንግ ነዋሪ እጅ አይታይም። የተጣሉት ወዳጆች ያልነበሩ ወዳጆች ናቸው።

ወደ ታላቅና ታናሽ እኅት ጥያቄ መመለስ ይገባል። አክሱም ከአሜሪካዋ ዴንቨር ጋር በ1995 ተዋውላለች፤ ባሕር ዳር ከክሊቭላንድ ጋር፣ አዲስ አበባ ከላይፕዚግ ጋር በ2004 ተዋውለዋል። በእነዚህ ውሎች ውስጥ አንዱ ወገን ሀብታም፣ ሌላው ድኻ ነው፤ የኮቨንትሪና የስታሊንግራድ ዓይነት የቁስል እኩልነት የለም። በዚህ ጊዜ ትልቁ አደጋ ክፋት አይደለም፤ ደግነት ነው። ሀብታሙ ከተማ ያገለገለ መጽሐፍና ያረጀ መኪና ይልካል፤ ድኻው ከተማ የምስጋና ደብዳቤና የእስክስታ ቡድን ይልካል፤ ሁለቱም ደስ ይላቸዋል፤ ከዓመት ወደ ዓመትም አንዱ ሰጪ፣ አንዱ ተቀባይ መሆኑ ይጸናል። ያረጀ መኪና የላከ ሰው መለዋወጫውን ከየት ያገኙታል ብሎ ያልጠየቀ እንደ ሆነ እኅቱን አላያትም። ተቀባዩም ቢሆን «ይህ አያስፈልገንም» ለማለት ድፍረት ያጣ እንደ ሆነ ወዳጅ መሆኑ ቀርቶ ለማኝ ሆኗል። እኩልነት የሚጀምረው የስጦታውን መጠን በማስተካከል አይደለም፤ እምቢ ማለት የሚቻል በመሆኑ ነው።

ከስጦታ በፊት ደግሞ ዕዳ አለ። የአክሱም ሐውልት በ1937 በፋሺስት ወራሪ ተዘርፎ ሮም ተተክሎ ነበር። ኢጣልያ ከኢትዮጵያ የወሰደችውን ሁሉ ልትመልስ በ1947 የሰላም ውል ቃል ገባች፤ ሐውልቱ ግን ወደ ቦታው የተመለሰው በ2005 ነው፤ ቆሞ የተመረቀውም በ2008 ነው። በእነዚያ 58 ዓመታት ውስጥ ማንም የሮም ከንቲባ ወደ አክሱም የመጻሕፍት ሣጥን ልኮ እኅትማማች እንሁን ቢል ኖሮ ምን ዓይነት መልስ ይገባው ነበር? የሰው በሬ ነድቶ ወስዶ፣ በዓመቱ አንድ ዕንቅብ ጤፍ ይዞ ለበዓል የሚመጣ ጎረቤት በየትኛውም የኢትዮጵያ መንደር የሚሰጠው ስም አለ። ኮቨንትሪ ለድሬስደን ያደረገችው ከዚህ ይለያል፤ ወጣቶቹ የሄዱት ስጦታ ይዘው ሳይሆን አካፋ ይዘው ነው።

ከእነዚህ ሁሉ በተለየ መንገድ የመጣ ዝምድናም አለ። አዲስ አበባና ዋሽንግተን የተዋዋሉት በ2013 ነው፤ ይሁን እንጂ ከዚያ በፊት ለብዙ ዐሥርተ ዓመታት ሁለቱን ከተሞች ያዛመዷቸው በታክሲ መሪ ላይ የሚያድሩ፣ በሆስፒታል ሌሊት የሚያስታምሙ፣ በየወሩ ለእናታቸው ገንዘብ የሚልኩ ሰዎች ናቸው። ከንቲባዎቹ የፈረሙት የተሠራ ነገር ላይ ነው። ማኅተሙ ለሰዎቹ ምን ጨመረላቸው የሚለው ጥያቄ መልስ የሚሻ ነው፤ መልሱም በመኖሪያ ፈቃድና በቤት ኪራይ ጉዳይ እንጂ በእራት ግብዣ ላይ አይገኝም።

በ2022 ሩሲያ ዩክሬንን በወረረች ጊዜ ብዙ የአውሮፓ ከተሞች ከሩሲያ ከተሞች ጋር የነበራቸውን ውል አገዱ ወይም አፈረሱ። ውሳኔውን በጅምላ ማውገዝ ቀላል ነው፤ ፍትሐዊ ግን አይደለም። የአንድ ከተማ አስተዳደር ቦምብን ሲያሞግስ ከእርሱ ጋር በአንድ መድረክ ቆሞ ሪባን መቁረጥ የተደበደቡትን ሰዎች መካድ ነው። በሌላ በኩል እኅትማማችነት የተፈጠረው መንግሥታት ሲዋደዱ ለማጨብጨብ ከሆነ ባይፈጠርም ይቀር ነበር። ሁለቱን የሚያስታርቀው የአስተዳደርን እጅ ለመጨበጥ እምቢ ማለትና የሰዎችን እጅ መተው አንድ እንዳልሆኑ መለየት ነው። ከንቲባው ጉብኝቱን ይሰርዝ፤ መምህሩ ለመምህሩ የሚጽፈው ደብዳቤ፣ የሐኪሙ ምክር፣ የሙዚቀኛው ኖታ ግን በከንቲባው ፊርማ አልመጡምና በከንቲባው ፊርማ ሊሄዱ አይገባም።

ይህ ልዩነት በኪነ ጥበብ ዘንድ አስቀድሞ ተፈትኗል። አዲሱ የኮቨንትሪ ካቴድራል በሜይ 1962 ሲመረቅ ቤንጃሚን ብሪተን «የጦርነት ፍትሐት» የሚባለውን ድርሰቱን ለዚሁ በዓል አዘጋጀ። ለሦስት ብቸኛ ድምፆች ሦስት ሰዎች አስቦ ነበር፦ ጦርነትን በኅሊናው የተቃወመውን እንግሊዛዊ ፒተር ፒርስን፣ በጀርመን ጦር ውስጥ አገልግሎ የተማረከውን ዲትሪክ ፊሸር ዲስካውን፣ የሌኒንግራድን ከበባ በወጣትነቷ ያለፈችውን ጋሊና ቪሽኔቭስካያን። የሶቪየት ባለሥልጣናት ቪሽኔቭስካያን ፈቃድ ነሷት፤ ሶቪየታዊት ዜጋ በዚያች ከተማ ከጀርመናዊ ጎን ቆማ እንድትዘፍን አልወደዱም። የዚያች ከተማ ስም ግን በስታሊንግራድ መዝገብ ውስጥ ከ1944 ጀምሮ የእኅት ስም ሆኖ ተጽፎ ነበር። በምረቃው ዕለት በእርሷ ፈንታ ሄዘር ሃርፐር ዘፈነች፤ ፈረንጆች እንደሚሉት ሳይሆን በእውነት አሳምራ ዘፈነች። በጃንዋሪ 1963 ለንደን ውስጥ ድርሰቱ በሸክላ ሲቀረጽ ፈቃዱ ተገኘ። ቪሽኔቭስካያ መጣች፤ በሸክላው ላይ ሦስቱም ድምፆች አሉ።